ጎማው ጠርዝ ላይ ሲደርስ

ከሆለታ እስከ ባኮ ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሕንፃ ሲሠራ፣ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ስለ ምድር ወለሉ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። 25 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ሲ-25 ኮንክሪት፣ መሐሉ ላይ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ። ለመኖሪያ ቤት ይህ ከበቂ በላይ ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥንና እንግዳ የሞላበት ሳሎን ቢደመሩ እንኳ ስላቡን አያስጨንቁትም።

ችግር የሚመጣው ይኸው መስመር እንዳለ ተገልብጦ ለነዳጅ ማደያ ግቢ፣ ለእህል መጋዘን፣ ለጋራዥ ወይም ለጭነት መኪና ማቆሚያ ሲጻፍ ነው። ግቢው ገና ሳይመረቅ፣ የመጨረሻውን አሸዋ ያመጣው አይሱዙ ሲገባ አንዱ ጥግ ይሰነጠቃል። ከዚያ ክርክሩ ይጀምራል። ባለቤቱ ሲሚንቶ ተሰርቋል ይላል። ተቋራጩ አፈሩ መጥፎ ነው ይላል። ፎርማኑ ፌሮው መወፈር ነበረበት ይላል። ሦስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ኮንክሪቱ በጥራት ተቦክቶ፣ አፈሩም ተጠቅጥቆ፣ ፌሮውም በቦታው ኖሮ ስላቡ ሊሰበር ይችላል። ምክንያቱን ለማወቅ ወረቀት፣ ካልኩሌተርና አራት ቁጥሮች ይበቃሉ። ይህ ምዕራፍ ስለ እነዚያ ቁጥሮች ነው።

ኮንክሪት በየት በኩል ይሸነፋል

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ደካማ ነው። የሲ-25 ኮንክሪት ኩብ በላቦራቶሪ ማሽን ሲጨመቅ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 250 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ያው ኮንክሪት ሲጎብጥ ግን የሚሰነጠቀው በ28 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር መሐንዲሶች በአንድ አጭር ሕግ ያገኙታል። የኮንክሪቱን የሲሊንደር ጥንካሬ ወስዶ (ለሲ-25 200 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው) ስኩዌር ሩቱን በ2 ማባዛት ነው። የ200 ስኩዌር ሩት 14 ነው፤ እጥፉ 28።

ጎማ ስላብን በቀጥታ ጨፍልቆ አይሰብረውም። አንድ የጭነት መኪና ጎማ በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያሳርፈው 7 ኪሎ ያህል ነው፤ ይህም ጎሚስታው ከሚሞላው የነፋስ ግፊት ጋር ይቀራረባል። ከ250 ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ስላቡን የሚጎዳው መጉበጡ ነው። ጭራሮ በጉልበት ላይ ሲሰበር፣ ጉልበቱን የነካው ጎን ይጨመቃል፣ ተቃራኒው ጎን ይሳባል፤ የሚከፈተውም ከተሳበው ጎን ነው። ጎማ በስላቡ መሐል ወይም በጠርዙ ላይ ሲቆም የሚሳበው የታችኛው ፊት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ስንጥቅ ዓይን ከማያየው በኩል ይጀምራል። ጥግ ላይ ሲቆም ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጥጉ ወደ ታች ሲያዘነብል የላይኛው ፊት ይሳባል፤ ስንጥቁም ከጥጉ ራቅ ብሎ፣ ሁለቱን ጠርዞች እያገናኘ በሰያፍ ይወጣል።

አንድ ያረጀ የጭነት መኪና ግቢ ቢታይ ይህ ሁሉ በግልጽ ተጽፏል። በመግቢያው በኩል ያሉት ጥጎች ሦስት ማዕዘን እየሆኑ ተገንጥለዋል። ክረምት ላይ መኪና ሲያልፍባቸው ቁራጩ ወደ ታች ይሰምጥና ከስንጥቁ ውስጥ ጭቃ ውሃ ፊጭ ይላል። ያ ጭቃ ከስላቡ ሥር የወጣ አፈር ነው። በወጣ ቁጥር ከሥር ያለው ባዶ ቦታ ይሰፋል፤ ቀጣዩ ጎማ ደግሞ ድጋፍ ያጣ ኮንክሪት ላይ ያርፋል። በአንጻሩ በዚያው ግቢ መሐል ያለው ኮንክሪት፣ በተመሳሳይ ቀን ከተመሳሳይ ቢቶኔራ የወጣው፣ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ ጎማው የቆመበት ቦታ ነው።

ከበረዶ ላይ የተጀመረ ስሌት

የዚህ ስሌት ሥር ከመንገድ ሥራ ውጭ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኤሚል ቪንክለር እ.ኤ.አ. በ1867 ለባቡር ሐዲድ ሲል መሬትን እንደ ተደረደሩ ሞላዎች አድርጎ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። እያንዳንዱ ሞላ በላዩ ለመጣበት ክብደት ብቻ ይመልሳል፤ ጎረቤቱን አያማክርም። እ.ኤ.አ. በ1884 ደግሞ፣ በኋላ በሬዲዮ ሞገድ ስሙ የገነነው ሃይንሪክ ኸርትዝ፣ በውሃ ላይ የተንሳፈፈ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር፣ ለምሳሌ የበረዶ ንጣፍ፣ በመሐሉ ክብደት ሲቀመጥበት እንዴት እንደሚጎብጥ አሰላ። ውሃውና የቪንክለር ሞላዎች በሒሳብ ዓይን አንድ ናቸው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጭነት መኪና ሲበዛ ጉዳዩ አጣዳፊ ሆነ። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ባትስ በምትባል ቦታ አጠገብ ልዩ ልዩ ውፍረትና ዓይነት ያላቸው የመንገድ ቁራጮች ተሠርተው፣ በ1922 እና 1923 ከጦርነቱ የተረፉ የጭነት መኪናዎች ክብደታቸው ደረጃ በደረጃ እየተጨመረ ተመላለሱባቸው። ኮንክሪቶቹ መሰበር የጀመሩት ከጥግና ከጠርዝ ነበር። የግዛቱ የመንገድ መሐንዲስ ክሊፎርድ ኦልደር ለጥግ አንድ ቀላል ቀመር ተጠቀመ። ክብደቱን በ3 አባዝቶ ለውፍረቱ ስኩዌር ማካፈል ነው፤ ከጥጉ ሥር ምንም አፈር እንደሌለ አድርጎ መቁጠር ማለት ነው።

ሙሉውን መልስ የሰጠው በ1888 ኮፐንሃገን ተወልዶ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ቆይቶም በሃርቫርድ ያስተማረው ሃራልድ ቬስተርጋርድ ነው። በ1926 ባሳተመው ጽሑፍ የቪንክለርን ሞላ ከጠፍጣፋ ሥነ ሒሳብ ጋር አዋሕዶ ለሦስት ቦታዎች ሦስት ቀመሮች አወጣ፦ ለመሐል፣ ለጠርዝ፣ ለጥግ። የኋላ ተመራማሪዎች የጠርዙንና የጥጉን ቀመር አርመዋቸዋል፤ ለመጋዘን ወለል ደግሞ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚቀረውን አቅም የሚቆጥሩ ዘዴዎች መጥተዋል። ቢሆንም የመጀመሪያውን ግምት በእጅ ለማውጣት ዛሬም ከቬስተርጋርድ የተሻለ መነሻ የለም።

አራቱ ቁጥሮች

አንደኛው ክብደቱ ነው። ለምሳሌያችን የኋላ ዘንጉ 10 ቶን የሚሸከም የጭነት መኪና እንውሰድ። በአንድ በኩል ባሉት ጥንድ ጎማዎች ላይ 5 ቶን፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ያርፋል። ስሌቱን ለማቅለል ጥንዱን እንደ አንድ ጎማ እንቁጠረው።

ሁለተኛው ጎማው ኮንክሪቱን የሚነካበት ስፋት ነው። 5,000 ኪሎን በካሬ ሴንቲ ሜትር 7 ኪሎ ለሆነው ግፊት ብናካፍለው 714 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ወደ ክብ ብንለውጠው ራዲየሱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሦስተኛው የስላቡ ውፍረት ነው። አራተኛው ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። ጎማው ሲጫን ስላቡ የሚጎብጠው እስከ ምን ርቀት ነው? ስላቡ ግትር ከሆነ ክብደቱን ለሰፊ ቦታ ያካፍላል፤ አፈሩ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ እዚያው አጠገብ ይቀበለዋል። የሁለቱ ፉክክር የሚለካው የአንጻራዊ ግትርነት ራዲየስ በሚባል ርዝመት ነው። የኮንክሪቱን የግትርነት መጠን (ለሲ-25 290,000 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር) በውፍረቱ ኪዩብ አባዝቶ፣ ለ12 እና ለአፈሩ የሞላ ጥንካሬ ብዜት ካካፈሉ በኋላ ስኩዌር ሩቱን ሁለት ጊዜ መውሰድ ነው። የፖይሰን ሬሾ የሚባል ትንሽ ማስተካከያ አለው፤ ውጤቱን ብዙ አይለውጠውም።

የአፈሩ ጥንካሬ የሚነገረው አንድ ሴንቲ ሜትር ለመስመጥ በካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልገው ነው። ለስላሳ ዋልካ 3 ኪሎ ይጠይቃል ብንል፣ 25 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ በደንብ ሲጠቀጠቅበት ወደ 5 ያድጋል። በዚህ 5 ሲሰላ ራዲየሱ ለ10 ሴንቲ ሜትር ስላብ 47፣ ለ15 ሴንቲ ሜትር 64፣ ለ20 ሴንቲ ሜትር 79 ሴንቲ ሜትር ይመጣል።

ስሌቱ በወረቀት ላይ

የቬስተርጋርድ የመሐል ቀመር ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክብደቱን ለውፍረቱ ስኩዌር ማካፈል ነው። ለ10 ሴንቲ ሜትር ስላብ 5,000 ሲካፈል ለ100፣ 50 ይሆናል። ሁለተኛው፣ የግትርነቱ ራዲየስ ከጎማው አሻራ ራዲየስ ስንት እጥፍ እንደሆነ ማየት ነው። የአሻራው ራዲየስ ለስላቡ ውፍረት በመጠኑ ይስተካከላል፤ እዚህ 14.8 ሆኗል። 47.2 ሲካፈል ለ14.8፣ 3.19 ነው። የዚህ ሎጋሪዝም (በ10 መሠረት) 0.504 ሲሆን በ4 ሲባዛ 2.01 ይመጣል። በዚህ ላይ 1.07 ሲደመር 3.08። አሁን 0.316 × 50 × 3.08 ስናባዛ 49 እናገኛለን። ይህ በካሬ ሴንቲ ሜትር 49 ኪሎ ማለት ነው። ኮንክሪቱ የሚችለው 28 ነው። ስላቡ በመሐሉ እንኳ፣ በመጀመሪያው መኪና ይሰነጠቃል።

ለጠርዝ የመጀመሪያው ቁጥር ከ0.316 ወደ 0.572 ያድጋል፤ በ1.07 ፈንታ ደግሞ 0.36 ይደመራል። ውጤቱ 68 ነው። ጥጉ በራሱ ቀመር 57 ይመጣል።

ይኸው ሥራ ለሌሎቹ ውፍረቶች ሲደገም ቁጥሮቹ እንዲህ ይወርዳሉ፤ ሁሉም ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው።

10 ሴንቲ ሜትር፦ መሐል 49፣ ጠርዝ 68፣ ጥግ 57
15 ሴንቲ ሜትር፦ መሐል 26፣ ጠርዝ 38፣ ጥግ 32
20 ሴንቲ ሜትር፦ መሐል 16፣ ጠርዝ 24፣ ጥግ 20

ውፍረቱን በግማሽ ብቻ ስንጨምር፣ ከ10 ወደ 15፣ ውጥረቱ በግማሽ ገደማ ወረደ። ጠርዙ በሦስቱም ውፍረቶች ከመሐሉ ከ1.4 እስከ 1.5 እጥፍ ይጨነቃል። በ15 ሴንቲ ሜትር ስላብ መሐሉ ለጥቂት ሲያመልጥ ጠርዙና ጥጉ ይወድቃሉ። በአሮጌ ግቢዎች መሐሉ ደህና ሆኖ ዳሩ ተገነጣጥሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ያ የ10 ሴንቲ ሜትር ስላብ ለማን ይበቃል? በአምቦ ጎዳናዎች የሚርመሰመሰው ባጃጅ ከነተሳፋሪው በአንድ ጎማ 250 ኪሎ ያርፍበታል ብንል፣ በጠርዙ ላይ የሚያስከትለው ውጥረት 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም። አንድ ጎማው 850 ኪሎ የሚጫነው ሚኒባስ 17 ያደርሰዋል። በአንድ በኩል 2,500 ኪሎ የሚያሳርፍ የተጫነ አይሱዙ ግን 41 ያደርሰዋል፤ ከ28 በላይ። አሸዋ ያመጣው አይሱዙ ጥጉን የገነጠለው በአሽከርካሪው ጥፋት አይደለም ማለት ነው። የተሠራው ወለል የሚኒባስ ወለል ነበር።

የመጋዘን ነገር ሲነሳ ደግሞ ፎርክሊፍት አይረሳም። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የማዕድን ውሃዋ በጠርሙስ እየታሸገ የሚወጣላት አምቦ፣ በሣጥን ላይ ሣጥን የሚደረደርበትን ሥራ ታውቀዋለች። 3 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ራሱ ከ4 ቶን በላይ ይመዝናል። ዕቃውን ከፊት አንጠልጥሎ ሲሄድ ከጠቅላላው ክብደት አብዛኛው በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ ስለሚወድቅ በአንዱ ላይ 3,300 ኪሎ ያህል ያርፋል። ጎማው ነፋስ የሌለው ደረቅ ጎማ ከሆነ አሻራው ትንሽ ነው፤ በስሌቱ መሠረት ያው ክብደት በ15 ሴንቲ ሜትር ስላብ መሐል የሚያስከትለው ውጥረት ከ19 ወደ 21 ያድጋል። ፎርክሊፍት ትንሽ ይምሰል እንጂ ለወለሉ ከጭነት መኪና ብዙ አይርቅም።

ፌሮና ሲሚንቶ ቢጨመር

ስላብ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ፌሮ መጨመር ነው። በስላቡ መሐል ውፍረት ላይ የተዘረጋ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ግን ኮንክሪቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ ምንም ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። ስላቡ ሲጎብጥ መሐሉ አይሳብም፣ አይጨመቅምም። ከተሰነጠቀ በኋላስ? በሳይት የተለመደውን ኤስ-300 ብረት በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ብንወስድ፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የ10 ሴንቲ ሜትር ስላብ በብረቱ ብቻ የሚችለው ጉብጠት 3.6 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። ያው ስላብ ሳይሰነጠቅ በኮንክሪቱ ብቻ 4.6 ይችል ነበር። ብረቱ ኮንክሪቱ የጣለውን ሸክም እንኳ አያነሳም። የእሱ ሥራ ሌላ ነው፦ ስንጥቁ እንዳይሰፋ፣ ሁለቱ ወገኖች አፍ ለአፍ እንደተያያዙ እንዲቆዩ ማድረግ። ይህ ጠቃሚ ሥራ ነው፤ የውፍረትን ቦታ ግን አይተካም።

ሁለተኛው ሐሳብ ሲሚንቶ ማብዛት ነው። ምዕራብ ሸዋ የሲሚንቶ አገር ነው። በአዳበርጋ ወረዳ ሙገር እ.ኤ.አ. ከ1984፣ ዳንጎቴ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ያመርታሉ። ይሁንና ከሲ-25 ወደ ሲ-30 ብንወጣ የጉብጠት ጥንካሬው ከ28 ወደ 31 ብቻ ያድጋል፤ ስኩዌር ሩት ስለሚወሰድበት። ውፍረት በስኩዌር ይሠራል፣ የኮንክሪት ጥንካሬ በስኩዌር ሩት። ከሲሚንቶው ብዛት ይልቅ የሚያዋጣው ውሃውን መቆጠብ ነው። ቦካው እንዲላላና ለሥራ እንዲመች ተብሎ አንድ ባልዲ ውሃ ሲጨመር፣ ሊሾው ያምር ይሆናል፤ በወረቀት ላይ የቆጠርነው 28 ግን በቦታው የለም። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ያልጠጣ ስላብም እንደዚሁ ነው።

ዋልካው ግን ሕጉን አያከብርም

አፈሩን ወደ ጎን የተውነው ይመስላል፤ አሁን እንምጣበት። በ10 ሴንቲ ሜትሩ ስላብ የአፈሩን ጥንካሬ ከ5 ወደ 3 ብናወርደው፣ በመሐል ያለው ውጥረት ከ49 ወደ 52 ብቻ ይጨምራል። አፈሩ በ40 ከመቶ ሲዳከም ውጥረቱ በ7 ከመቶ ብቻ ተባባሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአፈሩ ቁጥር በቀመሩ ውስጥ የሚገባው ስኩዌር ሩቱ ሁለት ጊዜ ተወስዶ፣ በዚያ ላይ በሎጋሪዝም ውስጥ ሆኖ ነው። ድንጋይ ቢቆለል ወይም ገረገንቲ ቢደለደል በዚህ መንገድ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው።

ታዲያ አፈር ለውጥ አያመጣም? ያመጣል፤ ግን በሌላ በር። የቬስተርጋርድ ሒሳብ አፈሩ ደካማ እንዲሆን ይፈቅዳል፣ የተዛባ እንዲሆን ግን አይፈቅድም። በስላቡ ሥር በየቦታው እኩል ይደግፋል፣ ከስላቡም አይለይም ብሎ ይነሳል። ዋልካ የሚያፈርሰው ይህንን ነው።

ኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ጥቁር የሸክላ አፈር አላት። ነዋሪው ኮትቻ የሚለው ይህ አፈር በበጮ ሜዳና በጊንጪ ዙሪያ ተንጣሏል። የጊንጪ የምርምር ንዑስ ማዕከል የሚታወቀውም ከዚህ አፈር ላይ ትርፍ ውሃን በማጠንፈፍ ሥራው ነው። ገበሬው ጠባዩን ያውቀዋል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፣ ውሃም አላሳልፍ ይላል። በስላብ ሥር ሲሆን እብጠቱና ሽሙቀቱ እኩል አይደርስም። መሐሉ ከዝናብና ከፀሐይ ተከልሎ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ዳሩ ግን በየወቅቱ ይለዋወጣል። በበጋ በጠርዙ ሥር ያለው አፈር ይሸመቅቅና ይሸሻል፤ ጠርዙ አየር ላይ ይቀራል። በክረምት ዳሩ ቀድሞ ያብጥና ጠርዙን ያነሳል። ከግቢው አጥር ሥር ባሕር ዛፍ ካለ፣ ሥሩ እርጥበቱን እየሳበ የበጋውን ሽሙቀት ያብሰዋል።

ጥጉ ድጋፍ ሲያጣ የምንመለሰው ወደ ኦልደር ቀመር ነው። 5,000 በ3 ተባዝቶ ለ400 ሲካፈል፣ የ20 ሴንቲ ሜትር ስላብ ጥግ ውጥረት ከ20 ወደ 37.5 ይዘላል። 28ቱን አለፈ። ዋልካ ለስላሳ መሆኑ 7 ከመቶ አስከፈለን፤ ከሥር መሸሹ ግን ውጥረቱን ወደ እጥፍ አስጠጋው። የደጋው አየርም ያግዘዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የስላቡ የላይኛው ፊት ይኮማተራል፣ የታችኛው ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ በዚህ የተነሳ ጥጎቹ ወደ ላይ ቀና ይላሉ። በማለዳ የሚገባ መኪና የሚያገኘው ከአፈሩ የተላቀቀ ጥግ ነው።

የድንጋይ ንጣፉም በዚህ ዓይን መታየት አለበት። በእጅ የተደረደረ ድንጋይ ክፍተቱ በጠጠር ሳይሞላና ሳይጠቀጠቅ ኮንክሪት ከፈሰሰበት፣ ስላቡ በአንድ ቦታ ድንጋይ ጫፍ ላይ፣ በሌላው ጉድጓድ ላይ ይቀመጣል። ቀጭን ሆኖ እኩል የተጠቀጠቀ ንጣፍ፣ ወፍራም ሆኖ ከተዛባው ይሻላል። ዋልካው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ተቆርጦ ወጥቶ በማያብጥ አፈር ሲተካ፣ የግቢው ውሃ በተዳፋት ወደ ቦይ ሲወሰድ፣ ባሕር ዛፉም ከዳሩ ሲርቅ፣ የተገዛው እኩልነት ነው።

አንድ ጊዜና ሰባ አምስት ሺህ ጊዜ

20 ሴንቲ ሜትር የሆነው ስላብ ጠርዙ 24፣ አቅሙ 28 ስለሆነ ዳነ ማለት ነው? ለአንድ መኪና አዎ። ኮንክሪት ግን እንደ ሽቦ ይደክማል። የአሜሪካ የፖርትላንድ ሲሚንቶ ማኅበር በ1966 ባወጣው መመሪያ ውጥረቱ ለጥንካሬው ተካፍሎ ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሚችል የሚያሳይ፣ ጥንቃቄ የበዛበት ሠንጠረዥ አለ። ውጥረቱ ከአቅሙ ግማሽ በታች ከሆነ ድግግሞሹ ገደብ የለውም። 0.57 ሲደርስ 75,000 ጊዜ፣ 0.70 ሲደርስ 2,000 ጊዜ፣ 0.85 ሲደርስ 30 ጊዜ ብቻ ይፈቅዳል።

የ20 ሴንቲ ሜትሩ ስላብ መሐል 16 ለ28፣ ማለትም 0.57 ነው። በቀን 30 የተጫኑ መኪናዎች ቢገቡበት 75,000 ለመድረስ ሰባት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ጠርዙ ግን 0.86 ነው፤ በአንድ ቀን አቅሙ ያልቃል። በዚያው ስላብ መሐል እነዚያው መኪናዎች 10 ከመቶ ብቻ ትርፍ ቢጭኑ ንጽጽሩ ወደ 0.63 ይወጣና የሚፈቀደው ድግግሞሽ ወደ 14,000 ይወርዳል። ሰባቱ ዓመት አንድ ዓመት ከሩብ ሆነ። ‘ትንሽ ናት፣ ትሂድ’ ተብላ የምትደረብ ኩንታል የምታስከፍለው በዚህ መጠን ነው።

ብሩ የት ይዋል

600 ካሬ ሜትር ግቢ ያለውን ሰው እናስብ። በ10 ሴንቲ ሜትር ቢሠራው 60 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል፤ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ሲታሰብ 216 ኩንታል ነው። ሁሉንም 20 ሴንቲ ሜትር ቢያደርገው 432 ኩንታል ይሆንበታል። ብዙ ሰው የሚሸሸው እዚህ ላይ ነው፤ ተመልሶም ወደ 10 ሴንቲ ሜትሩ ይገባል።

ነገር ግን የጭነት መኪና በግቢው ሁሉ አይንከራተትም። ከበሩ እስከ ማራገፊያው የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል። 5 ሜትር ስፋትና 30 ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 30 ሜትር ኩብ፣ 108 ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃዋል። የቀረው ግቢ ኮብልስቶን ወይም ጠጠር ቢሆን ማንም አይጎዳም። የሲሚንቶው ወጪ ከመጀመሪያው 216 በግማሽ አነሰ፤ መንገዱ ደግሞ ሁለት እጥፍ ወፈረ።

መኪናው 2.5 ሜትር ያህል ስፋት ስላለው በመንገዱ መሐል ከሄደ በሁለቱም ወገን ከአንድ ሜትር በላይ ይተርፈዋል። የግትርነቱ ራዲየስ 79 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አስልተናል፤ ጎማ ከጠርዙ ከዚህ በላይ ከራቀ ጠርዙ መኖሩን ስላቡ አያውቀውም ማለት ይቻላል፤ ውጥረቱ ከ24 ወደ 16 ይቀርባል። መኪናው ከመስመሩ እንዳይወጣ ከሁለቱም ጠርዝ 80 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ዝቅ ያለ የድንጋይ ረድፍ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ያ ረድፍ የሚሰጠውን ጥቅም በውፍረት እንግዛው ብንል 25 ሴንቲ ሜትር ስላብ ያስፈልገናል፤ በዚህ ውፍረት የጠርዙ ውጥረት 16 ይመጣል። ሩብ ያህል ተጨማሪ ኮንክሪት ማለት ነው።

ጎማው ሊያመልጠው የማይችል ጠርዝ በየመገጣጠሚያው ያለው ነው። ስላቡ ርዝመቱ ከውፍረቱ ከ24 እስከ 30 እጥፍ በላይ እንዳይሆን እየተከፋፈለ መሞላት አለበት፤ ለ20 ሴንቲ ሜትር በየ5 ሜትሩ ማለት ነው። ካልተከፋፈለ ኮንክሪቱ ራሱ በመረጠው ቦታ ይከፋፍለዋል። በየመገጣጠሚያው ባለ 25 ሚሊ ሜትር ልሙጥ ብረት በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ተሻግሮ ግማሹ ቅባት ሲቀባ፣ አንዱ ስላብ ሲጫን ጎረቤቱ አብሮ ይሸከማል። በመሐል ለተዘረጋው ፌሮ ሊወጣ የነበረው ብረት ቢያንስ ከፊሉ እዚህ ቢውል ሥራ ያገኛል።

ባለቤትና ተቋራጭ ውል ከመፈራረማቸው በፊት ሊስማሙባቸው የሚገቡት ነገሮች ከዚህ ይወጣሉ። እዚህ ግቢ የሚገባው ከባዱ መኪና የትኛው ነው? በቀን ስንት ጊዜ? በየት በኩል ያልፋል? ከሥሩ ያለው አፈር ዋልካ ከሆነ ውሃው ወዴት ይሄዳል? እነዚህ ከተመለሱ ውፍረቱ ከአንድ ገጽ ስሌት በላይ አይጠይቅም። ካልተመለሱ ግን የኮንክሪቱ ጥራት ምንም ያህል ቢመሰገን፣ ስላቡን የሚፈትነው መሐንዲሱ ሳይሆን የመጀመሪያው የተጫነ መኪና ነው፤ ለፈተናው የሚከፍለውም ባለቤቱ።